ቀድሞን የሚደርስ ኳኳታ

ቦንጋ ውስጥ በዚያን ዘመን መኪና በታርጋ አይታወቅም ነበር፤ በድምፅ ነው። የቡና ነጋዴው የጭነት መኪና በጥሩምባው፣ አምቡላንሷ በተቀደደ ማርመታዋ፣ እኔ የምነዳት የግብርና መምሪያው ደብል ጋቢና ደግሞ ከፊት እግሯ ሥር በሚወጣ ኳኳታ ትታወቃለች። ሁለት ጊዜ ቋ ቋ ትልና አንድ ጊዜ ቀጭ ትላለች። ጉድጓድ ሲበዛባት ቅደም ተከተሉን ትረሳና ብረት ድስት ተጭና የደነበረች በቅሎ ትሆናለች። ጉድጓድ ደግሞ አላነሰንም። አስፋልት የሚባለውን ነገር ጅማ ላይ ተሰናብተነው ነበር የምንመጣው። የዋጫ መንገድ ኮረኮንች ነው፤ የደካው ግን መንገድ ለመባል ገና ማመልከቻ አላስገባም።

እኔ በድምፁ አላፍርም ነበር። እንዲያውም እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኛል። ቁልቁለቱን ስወርድ ሱቅ ደጃፍ የተቀመጠው ሰው ቀና ብሎ ሳያየኝ «መጣ» ይላል። ሰው መምጣቱ ከሩቅ ሲታወቅ ትልቅ ሰው የሆነ ይመስለዋል። ቤቴ አቀበቱ ጫፍ ላይ ነው፤ መምሪያው አጥር ስላልነበረው መኪናዋ እኔ ግቢ ነበር የምታድረው። ሳላንኳኳ በሩ ተከፍቶ፣ የእጅ ውሃው ቀርቦ፣ ልጆቼ ደብተራቸው ላይ አቀርቅረው አገኛቸዋለሁ። ቤቱ ጭጭ ያለ ነው። «ሥርዓት ያለው ቤት» እል ነበር ለራሴ፤ ለሰውም። ጓደኞቼ ሻይ ቤት ተቀምጠው ስለ ልጆቻቸው ረባሽነት ሲያማርሩ እኔ ፂሜን እየነካካሁ ምክር እሰጣለሁ።

በድምፁ የሚያፍሩት ኃላፊያችን ነበሩ። በዕድሜ ከእኔ ያንሳሉ፤ ወንበሩ ግን አንቱ አድርጓቸዋል። ስልጠና በሄዱ ቁጥር አንድ አዲስ ቃል ይዘው ይመለሳሉ፤ ያንን ቃል ሌላ ስልጠና እስኪመጣ ድረስ በየስብሰባው ይመነዝሩታል። የዚያን ጊዜው ቃል «ግልፅነት» ነበር። ወንበር ሲሰበር የግልፅነት ችግር ነው፤ ሻይ ሲዘገይ የግልፅነት ችግር ነው፤ ዝናብ ሲጥል ብቻ ዝም ይላሉ፤ ቦንጋ ውስጥ ዝናብን መውቀስ ጊዜ ማባከን ስለሆነ ነው። ጋቢና ውስጥ ከጎኔ ተቀምጠው ስለ ግልፅነት ሲነግሩኝ ታዲያ ከታች ቋ ቋ ቀጭ እያለ ንግግራቸውን ይቆራርጥባቸዋል። አቁመው ይጠብቃሉ። ልክ ሲቀጥሉ ቀጭ ይላል።

አንድ ቀን ከዋጫ ስንመለስ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ስማ» አሉኝ። «ከክልል እንግዶች ይመጣሉ። በዚህ ቆርቆሮ ጭኜ አላዞራቸውም። እስከዚያ ድምፁ ካልጠፋ መኪናዋ ጨረታ ትወጣለች፤ አንተም በር ትጠብቃለህ።»

ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የመምሪያውን በር የሚከፍትልኝ ዘበኛ ራሱ የቀድሞ ሹፌር ነው። አጥር የሌለው ግቢ በር ምን ይሠራል የሚል ካለ፣ እኔም ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። ሰውዬው የሚነዳት መኪና ተበላሽታ ቆማ ቀረች፤ እሱም አብሯት ቆመ። ጎማዋን ሳር ውጦት ከበሩ አጠገብ አለች፤ ጠዋት ጠዋት መስታወቷን ይወለውላል። እኔ ስገባ እጁን አንስቶ ሰላም ሲለኝ ሳላውቀው መሪዬን ጠበቅ አድርጌ እይዛለሁ። ከመሪ ወርዶ በር ላይ መቆምን የመሰለ ነገር አልነበረም ለእኔ የሚያስፈራ። ሹፌር ወንበሩን ካጣ ስሙ ራሱ አይቀርለትም።

ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ላስረዳ። መኪና ጥምዝ ላይ ወደ ጎን እንዳታጋድል ከግራ እግሯ ወደ ቀኝ እግሯ የተዘረጋ፣ ጎበጥ ያለ ረጅም ብረት አላት፤ ስታብላይዘር እንለዋለን። ይህን ብረት ከመኪናዋ አጥንት፣ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት ሁለት ጎሚኒዎች ናቸው። ጎሚኒ ማለት ከጡጫ የሚያንስ፣ መሃሉ የተበሳ ላስቲክ ነው፤ ብረቱ በቀዳዳው ያልፋል፣ ላስቲኩን ደግሞ ላሜራ አቅፎት በብሎን ይታሰራል። ላስቲኩ ሲያልቅ ቀዳዳው ይሰፋና ብረቱ ላሜራውን ይደበድበዋል። ይኸው ነው። ያን ሁሉ ስለ ግልፅነት የተባለ ነገር የሚያቋርጠው ከጡጫ የምታንስ ላስቲክ ናት።

ጎሚኒ ግዙልኝ አልኩ። ግዥ ክፍል «ከሦስት ሱቅ ዋጋ አምጣ» አለኝ። ቦንጋ ውስጥ ጎሚኒውን የሚሸጥ አንድ ሱቅ ቢኖር ኖሮ እኔ ምን አስጨነቀኝ? ይህንኑ ብላቸው «መመሪያ ነው» አሉ። መመሪያ ከክልል በፖስታ ይደርሰናል፤ ጎሚኒ ግን የሚመጣበት መንገድ አልተገኘለትም።

ስለዚህ ወደ ጋራዡ ሄድኩ። ጋራዥ የምንለው አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ ጉድጓድና አንድ መካኒክ ነው። መካኒኩ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ስለሆነ ምንም ነገር አያስደንቀውም፤ ለሁሉም በሽታ አንድ መድኃኒት አለው፣ ግራሶ። «ግራሶ ያልፈታው ነገር የለም» ብሎ ጎሚኒዎቹን በሁለት እጁ ለቀለቃቸው። እውነትም ለጥቂት ቀን ዝም አለች። ከዚያ ግራሶው ላስቲኩን በላው፤ ጎሚኒው አብጦ ገንፎ ሆነ። የመንገዱ አሸዋ ደግሞ ግራሶው ላይ እየተለጠፈ ብረቱን እንደ ሞረድ ይፈገፍገው ጀመር። ኳኳታው ሲጥ ሲጥ የሚል ዘመድ አስከትሎ ተመለሰ። መካኒኩን ሄጄ ስወቅሰው እጁን እየጠረገ ጎንበስ ብሎ አየና «አንሷት ነው» አለኝ። ግራሶው ማለቱ ነው።

ተናደድኩ። ከንዴቴ ብዛት ራሴ እሠራዋለሁ ብዬ ገባሁበት። የመጀመሪያውን የሠራሁት ከበረባሶ ነው። ገበያ ወርጄ ያንን ከጎማ የሚሠራውን ጫማ ገዛሁ፤ ሶሉን ቆራርጬ፣ ስስ ስለሆነብኝ ደራርቤ፣ በሚስማር መታሁት። በሚስማር! ይህን የሠራ ሰው ስለሌላው ሞኝነት ለመጻፍ ብዕር ሲያነሳ እጁ ሊንቀጠቀጥ ይገባ ነበር። ከከተማ ሳልወጣ ሚስማሩ እየወለቀ ብረት ከብረት መሳሳም ጀመረ። በማግስቱ ዘበኛው በሩን ሲከፍትልኝ «ጫማ አጠለቅህላት አሉ» አለኝ። ቦንጋ ውስጥ ወሬ ጎሚኒ አያስፈልገውም፤ ያለምንም መንገጫገጭ ይደርሳል።

መፍትሔው የተገኘው ማንኪራ በሚባል የጫካ ቀበሌ ነው። የመምሪያው ሠራተኞች ቀፎ ሊያዩ ጫካ ሲገቡ እኔ እንደ ልማዴ መኪናዋ ሥር ተኝቼ ብረቱን እሳደባለሁ። አንድ ቀፎ የሚሰቅል ሰውዬ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ያየኛል። ዛፍ ሲወጣ ወገቡን የሚያስርበት ጠፍር ክንዱ ላይ ተጠምጥሟል፤ ሰም ስለጠገበ ያብለጨልጫል። የሰውዬው ቋንቋ ካፍኛ ነው፤ አማርኛውን እየመረጠ ነው የሚያወጣው።

«ብረት ይጮኻል?» አለኝ።

«ይጮኻል።»

«ይኼም ይጮህ ነበር» አለ ጠፍሩን እያሳየኝ። «ዛፍ ላይ ሲጥ፣ ሲጥ። ሰም በላ፣ ዝም አለ።»

ከመኪናዋ ሥር ወጣሁ። ጠፍሩን በጣቴ ሳሸው፤ አይደርቅም፣ አያጣብቅም፣ አሸዋም አይዝም። ሰም እንዲሸጥልኝ ጠየቅሁት። ሰውዬው የዋህ አልነበረም፤ ሰሙን የሚሰጠኝ እሱን፣ ሚስቱንና የማር ቅሉን ቦንጋ ገበያ ካደረስኩለት ብቻ መሆኑን ነገረኝ። ተስማማን። ሰሙን በቅጠል ጠቅልሎ ሲያቀብለኝ ግን አንድ ነገር ጨመረ።

«ግን ለምን ታጠፋለህ? ጥሩ ነው እኮ። ሰው ይሰማል።»

ስለ ሙዚቃ የሚያወራ መሰለኝና ስቄ አለፍኩት።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ጎሚኒ አሁንም ባስበው ደረቴ ይነፋል። ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ ጎን፣ ሽቦ ከሌለበት በኩል፣ ወፍራም ቁራጭ አወጣሁ። ቀዳዳውን በጋለ ቱቦ በሳሁት፤ ሰፈሩ በጎማ ጭስ ታፍኖ ጎረቤት መስኮቱን ዘጋብኝ። ብረቱን እንዲያቅፍ አንዱን ጎን በመጋዝ ሰነጠቅሁት። ከውስጥ፣ በቀለጠ ሰም ያበሰልኩትን የበሬ ቆዳ እንደ ገበር አለበስኩት፤ ብረቱ የሚሽከረከረው ላስቲኩ ላይ ሳይሆን ሰም በጠገበው ቆዳ ላይ እንዲሆን ነው። ብረቱ የተበላበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፤ ግራና ቀኝ እንዳይንሸራተት ከላሜራ የሠራሁትን ቀለበት አሰርኩበት። ብሎኖቹን ያጠበቅሁት ደግሞ መኪናዋ በክሪክ ተነስታ ሳለ ሳይሆን በአራት እግሯ ቆማ ነው። ተንጠልጥላ ሳለ ከታሰረ፣ ስትቆም ጎሚኒው ይጠመዘዝና ይቀደዳል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ቀድጄ ነው ያወቅሁት።

ሞተር አስነሳሁና የመጀመሪያውን ጉድጓድ ሆን ብዬ ገባሁበት። ዝም። ሁለተኛው፤ ዝም። ወንበሬ ሥር አንድ ነገር ሲንከባለል ሰማሁ፤ ባለፈው ክረምት የጠፋብኝ መፍቻ ነው። በጋራዡ ደጃፍ ሳያስፈልገኝ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ። መካኒኩ ቀና ብሎ አየኝ፤ ጆሮውን በጣቱ ኮረኮረ። ሱቅ ደጃፍ የተቀመጠው ሰውም እስክደርስበት «መጣ» አላለም። ያን ቀን ከእኔ በላይ ሰው ያለ አልመሰለኝም፤ ኩራቴን ይዤ ወደ ቤት ወጣሁ።

አጥሩ ጥግ አቆምኩ። በሩ አልተከፈተም። ከቤት ውስጥ ሳቅ ይሰማል። እንግዳ መጥቶ ይሆናል አልኩ፤ ምክንያቱም የእኔ ቤት አይስቅም። ቀረብ ስል የራሴን ንግግር ሰማሁት።

«ሥርዓት! ሥርዓት የሌለው ቤት ጎሚኒ እንደሌለው መኪና ነው!» ትላለች ትልቋ ልጄ፣ ድምፅዋን አወፍራ። እሑድ ምሳ ላይ ያልኩት ነው፤ ስለው ጥሩ ምሳሌ መስሎኝ ነበር። ትንሹ ልጄ ደግሞ መኪናዋን ሆኖ «ቋ ቋ ቀጭ» እያለ ክፍሉን ይዞራል። ሚስቴን ሳቅ እያነቃት ነው።

«በቃ፣ በቃ፣ አባታችሁ ይመጣል» ትላለች።

«አይመጣም፣ ገና አልተሰማም» አለቻት ልጄ።

በሩን ገፋሁት። ጭጭ አለ። ልጄ የእኔን ኮፍያ ደፍታ፣ ሆዷ ላይ ትራስ ታጥቃ መሃል ወለል ላይ ቆማለች። ያን ያህል ሆድ ነበረኝ? ሚስቴ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«መኪናዋስ?» አለችኝ። እንዴት ዋልክ ሳትለኝ፣ መኪናዋን።

«ውጭ ናት። ድምፅዋን አጠፋሁት።»

«አጠፋኸው?» ብላ ልጆቹን አየች። ጠዋት ተነስታ ሰዓቷ ቆሞ ያገኘች ሰው ትመስል ነበር።

ተቆጣሁ። ስለ ምን እንደተቆጣሁ ግን ለራሴም ማስረዳት አቃተኝ። መሳቅ ክልክል ነው አይባል ነገር። እኔ ስመጣ ለምን ታቆማላችሁ ብዬ እንዳልጠይቅ ደግሞ መልሱን ፈራሁት። ስለዚህ ስለ ኮፍያዬ ተቆጣሁ። የሰው ዕቃ ሳይጠይቁ ስለ መንካት ረጅም ንግግር አደረግሁ፤ ልጄ ከንፈሯን ነክሳ ሰማችኝ፤ አሁን ይገባኛል፣ ለሚቀጥለው ትርኢት እያጠናች ነበር።

እንግዶቹ መጡ። ኃላፊያችን ለትልቁ እንግዳ የፊቱን ወንበር ለቀው ከኋላ ከሌሎቹ ጋር ተቀመጡ። የዋጫን መንገድ ያዝን። መኪናዋ እንደ ጥላ ትሄዳለች።

«መኪናችሁ ደህና ናት» አሉ ትልቁ እንግዳ።

«ለጥገና ትኩረት ሰጥተን ስለምንሠራ ነው» አሉ ኃላፊያችን። በመስታወት አየኋቸው፤ እሳቸው መስኮቱን አዩ።

የታቀደው ሌላ የገበሬዎች ማሠልጠኛ ጣቢያ ለመጎብኘት ነበር። መንታ መንገዱ ላይ ስንደርስ ግን ትልቁ እንግዳ «በዚህ በኩል ያለው ጣቢያ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁ። ኃላፊያችን ቅንጣት አላቅማሙም። «የፈለጉትን ይምረጡ፤ የእኛ ጣቢያዎች ሁሉ አንድ ናቸው» አሉ። ታጠፍኩ። እውነት ለመናገር እኔም አልሰጋሁም። ያንን ጣቢያ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ስንደርስ ሁልጊዜ የጣቢያው ሠራተኛ ካኪውን ለብሶ በር ላይ ቆሞ፣ ገበሬዎቹ ዛፍ ሥር ተሰብስበው ስለ ዘመናዊ ቀፎ ሲማሩ፣ «ሞዴል አርሶ አደር» የሚል ሰሌዳ የተተከለበት ግቢ ተጠርጎ፣ ከጓሮ የተጠበሰ ሥጋ ሲሸት ነው የምናገኘው። ያን ሁሉ ዓመት ተመላልሼ «መምጣታችንን ማን ነገራቸው?» አላልኩም። ስልክ የለም፤ ሞባይል ገና ወሬው ነው የደረሰን። መንገዱ ግን ጣቢያው ከመድረሱ በፊት ሸለቆውን ዙሮ በማዶው ተራራ ወገብ ነው የሚሄደው፤ ከዚያ የተንኳኳ ነገር ጣቢያው ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማል። በዚያ ጭቃ ዞረን እስክንደርስ ድረስ በግ ታርዶ ይበለታል።

ያን ቀን ስንደርስ ሰው የለም። የማሠልጠኛው አዳራሽ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ አንዲት ፍየል አግዳሚው ላይ ወጥታ ታመሰኳለች። በዘመናዊው ቀፎ ውስጥ ዶሮ ታቅፋለች። ትልቁ እንግዳ ጭቃውን ለመሻገር በተጋደመ ሳንቃ ላይ ተራመዱ፤ ከተሻገሩ በኋላ ዞረው አነበቡት። ሞዴል አርሶ አደር ይላል። ትከሻ ላይ የሚንጠለጠልበት ገመድ ታስሮበታል። ለካ ሰሌዳው ለቀበሌው በሙሉ አንድ ነው፤ ወደምንሄድበት ግቢ እየተሸከሙት ይቀድሙናል። እንግዶቹ ገመዱን አዩት።

በዚህ መሃል የጣቢያው ሠራተኛ ከጫካው ወጣ። ካኪ የለም፤ ቅርጫት ሙሉ ቀይ ቡና ተሸክሟል። የለቀማ ወቅት ነው፤ ሰዎቹ ሁሉ ጫካ ናቸው። ሲያየን ባለበት ደረቀ። ኃላፊያችንን አላያቸውም፤ እንግዶቹንም አላያቸውም። የመኪናዋን የፊት ጎማ ነው ያየው።

«በየት መጣችሁ?» አለ።

«በየት እንመጣለን፣ በመንገድ ነዋ!» አሉ ኃላፊያችን።

«አልሰማናትም እኮ ጌታዬ» አለ። «ጨርሶ አልሰማናትም።» ድምፁ ውስጥ ፍርሃት አልነበረም፤ ቅሬታ ነበር። የተማመነበት ወዳጅ የከዳው ሰው እንደዚያ ነው የሚናገረው። ያን ጊዜ የማንኪራው ሰውዬ ያለኝ ትዝ አለኝ፤ ጥሩ ነው፣ ሰው ይሰማል።

የምሳው በግ ሜዳው ላይ ተረጋግቶ ሳር ይግጣል። እንግዶቹም አዩት፣ እሱም አያቸው። ከሁሉ የከፋው ይኼ ነበር ብዬ አምናለሁ። የተጋደመውን ሰሌዳ እንግዳ ይቅር ሊል ይችላል፤ ያልታረደውን በግ ግን ማንም ይቅር አይልም። ምሳ ሳንበላ ተመለስን።

በመንገድ ላይ በመስታወቱ ውስጥ የኃላፊያችንን ፊት አየሁት። አፋቸው በትንሹ ተከፍቷል፤ የራሳቸው ቤት አድራሻ የጠፋባቸው ይመስላሉ። እንደ እኔው ያን ሁሉ ዓመት ያዩትን ከልባቸው ያምኑ ነበር ማለት ነው። ልስቅ ነበር፤ ተውኩት። ያንን ፊት አውቀዋለሁ። ኮፍያዬን ልጄ ራስ ላይ ያየሁ ቀን የለበስኩት ፊት ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ከዚያ ግምገማ ሆነ። ግምገማውን ያየ ሰው አንድ ነገር ይረዳል፤ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ማንም አይናገረውም። «ኳኳታው ያስጠነቅቀን ነበር፣ መልሱልን» የሚል ደፋር አልተገኘም። ስለዚህ ዙሪያውን ዞሩት። አንዱ ባለሙያ «እንዲህ ያለ የአሠራር ለውጥ ሲደረግ ኅብረተሰቡን ማሳተፍ ያስፈልግ ነበር» አለ። ሌላዋ «መኪናዋ የሕዝብ ናት፤ ሕዝቡ መምጣቷን የማወቅ መብት አለው» አለች። ይህን ሲሰሙ የኃላፊያችን ዓይን በራ፤ ቃላቸውን አገኙት።

«የግልፅነት ችግር ነው!» አሉ ጠረጴዛውን እየመቱ። «የመንግሥት መኪና ተሹለክልካ ስትሄድ ምን ይባላል? ይኼ የኪራይ ሰብሳቢ አስተሳሰብ ነው!»

«ድምፁን አጥፋ ያሉኝ እርስዎ ነዎት» አልኩ።

«ጠግን አልኩ እንጂ ደብቅ አልኩ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። በመስኮቱ በኩል ዘበኛው አንገቱን አስግጎ ያየኛል፤ ጠጋ ብሎ ቦታ የለቀቀልኝ መሰለኝ። ስለ ድምፁ በር ላይ እንዳልቆም ብዬ ስንት የደከምኩ ሰው፣ ስለ ዝምታዬ በር ላይ ልቆም ነው። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው፤ የእኔ ዝምታ ግን ሳይከርም ነቀዘ። ተነስቼ ግለ ሂስ አደረግሁ። «ሕዝቡን ሳላማክር መኪናዋን ዝም አሰኝቻለሁ፤ ዳግመኛ አይለመደኝም» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። እንዲህ ያለ ነገር መናገሬ አሁንም ያናድደኛል።

ስብሰባው ሲበተን ኃላፊያችን ኮሪደሩ ላይ ያዙኝ። ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ትችላለህ አይደል መመለስ?»

«እችላለሁ።»

«በጣም እንዳይበዛ» አሉኝ። «ከማዶ የሚሰማ ያህል ብቻ።»

ጎሚኒዎቼን አላወጣኋቸውም። ያንን ሥራ በእጄ ከማፈርስ በር ላይ ብቆም ይሻለኛል፤ ይህን ያልኩት ግን በሆዴ ነው። ይልቅ ከላሜራው አጠገብ አንዲት ቁራጭ ብረት በላላ ብሎን አንጠለጠልኩ። ጉድጓድ ስታገኝ ሻንሲውን ትመታና ቋ ትላለች። ስታብላይዘሩ አይበላም፣ ጎሚኒው አያልቅም። ብረቷ ምንም አትይዝም፣ ምንም አትደግፍም፤ ሥራዋ መጮህ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሠራተኛ መምሪያችን ብዙ ስለነበረው ማንም አላወቃትም። ኃላፊያችን በመጀመሪያው ጉዞ ጥቂት አዳመጡና ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ተቀመጡ። ጣቢያው ስንደርስ ካኪው ተለብሶ፣ ሰሌዳው ታጥቦ ቆሞ ነበር። በጉም ታርዷል።

ወንበሬ ተረፈልኝ። ከማዶ ስንሰማ የጣቢያው ሰው ሁሉ የሚንጋጋበት ምክንያት ገብቶኛልና መሪውን ይዤ ለብቻዬ ፈገግ እላለሁ። የማያስቀኝ ነገር ቢኖር ማታ ወደ ቤት የሚወስደኝ መንገድ ነው። አቀበቱን ስጀምር ቋ ትላለች፤ ቋ ስትል ቤቴ ውስጥ የሚሆነውን አሁን አውቀዋለሁ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ መኪናዋን አቀበቱ ሥር፣ ሱቁ ደጃፍ አቆምኳትና በእግሬ ወጣሁ። ባለሱቁ «ተበላሸች እንዴ?» አለኝ፤ «አይ፣ እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው» አልኩት። አጥሩ ጥግ ደርሼ ቆምኩ። ሳቅ አለ። ግምገማውን ለሚስቴ ነግሬያት ነበር፤ አሁን ልጄ እሱን ነው የምትጫወተው። ትንሹ ኃላፊውን ሆኖ ጠረጴዛ ይመታል።

«ሕዝቡን ሳላማክር ዝም አሰኝቻለሁ» አለች ልጄ በእኔ ድምፅ። ቀጠለችና ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ለካ ከመናገሬ በፊት ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። «ዳግመኛ አይለመደኝም፤ ግን ኮፍያዬን ማን ነካው?»

ከዚያ ወዲያ ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። ያን የመሰለ ቀልድ በሕይወቴ አልሰማሁም። ሳላስበው አጥሩን ይዤ ጮክ ብዬ ሳቅሁ።

ውስጥ ጭጭ አለ። የሚሯሯጥ ኮቴ ሰማሁ፣ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ሳላንኳኳ በሩ ተከፈተ። የእጅ ውሃው ቀርቧል። ትራሱ አልጋው ላይ፣ ኮፍያዬ ሚስማሩ ላይ ነው። ልጆቼ ደብተራቸው ላይ አቀርቅረዋል። የጎደለው ሰሌዳው ብቻ ነበር።

«እንዴት ዋልክ?» አለች ሚስቴ።

እጄን ሳልታጠብ ልጄ አጠገብ ተቀመጥኩ። «እስቲ ድገሚው» አልኳት፣ የተቻለኝን ያህል አለስልሼ።

«ምኑን አባዬ?» አለች፣ ዓይኗን ከደብተሯ ሳታነሳ።